የመስኮቷ ልጅ ስም አላት

ውድ ኦሪን፣

ኦሬገን እህትህ ዘንድ ከሄድክ ወዲህ በስልክ የምናወራው ስለ አየሩና ስለ ጉልበታችን ሕመም ብቻ ነው። ዴሊን አንድ ቀን አንስተናት አናውቅም። ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እሷ ነው። ደብዳቤውን ቀድደህ ብትጥለው አልቀየምህም፤ ብቻ አንብበህ ጨርስ።

ያ በግንድ የተሠራው ቤታችን፣ የጥንቱ የመንገደኛ ማደሪያ፣ ቅርስ ሆኖ ከተከለለ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ነው የማየው። መቼም እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ይዘውታል። በግንዶቹ መካከል ያለውን ጭቃ በየዓመቱ ይመርጉታል፤ ታች ያለው የመጠጥ ባንኮኒም እንደነበረ ነው። እሳት ግን አይነድበትም፣ ክልክል ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ የመናፍስት ጉብኝት ጀመሩልህ። ያገራችንን ሰው ታውቀው የለ፣ በጥቅምቱ የመናፍስት በዓል ካልደነገጠ አይሆንለትም። አስጎብኚው ግሌን ይባላል፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ወሬ ያለ ቅመም የማይጥመው። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ እኔም ከጎብኚዎቹ ጋር ተሰልፌ ገባሁ። ፎቅ ወጥተን ዴሊ ክፍል ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እዚህች መስኮት ላይ አንዲት ኮረዳ ትታያለች» አለ። «የድሮው የማደሪያው ባለቤት ልጅ ናት። እጮኛዋ በጋሪ ይመጣል ብላ በበረዶ ስትጠብቅ ሞተች። ወንዶች ተጠንቀቁ፣ መልከ መልካም ካየች አትለቅም!»

ሳቁ። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር እኮ፣ ኦሪን! ምን እጮኛ አላት?

ሰዎቹ ሲወርዱ ክንዱን ያዝኩት።

«አንተ ግሌን፣ ይቺን ልጅ ከየት አመጣሃት?»

«እዚህ ልጅ ሞታለች ሲሉ ሰማኋ፣ እትዬ ዊልማ። ትንሽ አጣፈጥኳት።»

«የኔ ልጅ ናት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እግዜር ምስክሬ ነው፣ አላወቅሁም! በቃ፣ ሁለተኛ አላነሳትም።»

«ማንሳቱንስ አንሳት። ግን እውነቱን ተናገር» አልኩትና እዚያው ቁጭ ብዬ ነገርኩት።

የነገርኩት አንተ የማታውቀውን ነው። ስሟን ስጠራ አንተ ከክፍሉ ትወጣ ስለነበር መቼ ልንገርህ? ሐኪም ልታመጣ በበረዶው ከወጣህ በኋላ፣ ሲመሻሽ፣ «እማ፣ መስኮቱ ጋ ውሰጂኝ፣ የአባባን መኪና ልይ» አለችኝ። ትኩሳቷ እጄን እያቃጠለኝ አቅፌያት ቆምኩ። መብራትህ ከጉብታው ላይ ብቅ ሲል «መጣ» አለች። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም። ዘገየሁ እያልክ ራስህን እንደምትበላ አውቃለሁ። አይታሃለች፣ ኦሪን። መምጣትህን አይታ ነው የሄደችው።

ግሌን ቃሉን ጠብቋል፤ እጮኛው ቀርቷል። ትናንት ግን ከኋላ ቆሜ ስሰማው፣ «ልጅቷ ዴሊ ትባላለች» አለና ቀጥሎ፣ «እናቷም እስከ ዛሬ እየመጣች ትፈልጋታለች። ፀጉሯ ነጭ ነው። ምናልባት አሁን ከኋላችሁ ቆማ ይሆናል» አለ። ዞር ሲሉ አዩኝ። አንዲት ሴትዮ ጮኸች።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ነገ ግን እመለሳለሁ። ስሟን እስከጠሩልኝ ድረስ ይፍሩኝ፣ መንፈስም ልሁንላቸው። አንተም ይህን አጥፈህ ከማስቀመጥህ በፊት አንዴ ጥራት፤ ጮክ ብለህ፣ እሷ ደጅ ስትጫወት ትጠራት እንደነበረው።

የዴሊ እናት፣
ዊልማ