ዴም እንጂ ደም አይደለም

መተማ ዮሐንስ ላሉት ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ውባንች ይድረስ።

እምዬ፣ እንደምን ከርመዋል? እንደምንስ ሰነበቱ? ማታ ማታ ይቆረጥምዎት የነበረው ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? ወባውስ ዘንድሮ በሩቁ አለፈዎት? ፍየሎቹ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ልጅዎ ጥሩአየሁ፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ደህና ነኝ። ይህችን «ደህና ነኝ» የምትለዋን እንደ ደብዳቤ ወግ አይቁጠሩብኝ፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ለሷ ብዬ ነው።

ወንድሜ እንግዳው፣ አሁን ደግሞ ለአንተ ነው። ደብዳቤውን ለእምዬ የምታነብላቸው አንተ ነህና፣ ስድስተኛ ክፍል ደረስኩ ብለህ እንደ ጎርፍ አትልቀቀው። ከዚህ በታች «ዴም» የሚል ቃል ታገኛለህ። ዴን ደህና አድርገህ እያት፤ እግሯ ላይ ቀለበት አላት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትናንት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቢሆንም ያቺን ቀለበት አሳምሬ አድርጌያታለሁ። ቀለበቷን ዘለህ «ደም» ብለህ ካነበብህ ግን እምዬን ሁለተኛ ትገድላቸዋለህ።

ነገሩ እንዲህ ነው እምዬ። ባለፈው ወር ጎረቤታችን አያ ፈንቴ ሳሙናና አቡጀዲ ሊገዛ እዚህ ገዳሪፍ መጥቶ ገበያ ላይ ተገናኘን። ደስ ብሎኝ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። የት ነው የምትኖሪው ቢለኝ፣ እንደ አገሬው ሰው ፈጠን ብዬ «ዴም ውስጥ ነኝ» አልኩት። ዴም በዚህ አገር ቋንቋ ሰፈር ማለት ነው። አያ ፈንቴ ግን ፊቱ ጠቆረ፤ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አለና፣ ከኪሱ ያለውን ቆሎ ሁሉ እጄ ላይ ገልብጦ «እግዜር ያውጣሽ» ብሎኝ ሄደ። አገሩ ከብዶት ነው ብዬ ቆሎውን እየቆረጠምኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሞኝነቴን ይዩልኝ።

ትናንት የገላባቱ ነጋዴ ኸሊል ከእናንተ ዘንድ መጥቶ ሁሉንም ነገረኝ። ለካ አያ ፈንቴ የሰማው «ደም ውስጥ ነኝ» ብዬ ነው። በእኛ ዘንድ ደም ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን፤ አባቴን የበላው እሱ ነው፣ ከጭልጋ ወደዚህ ቆላ ያወረደንም እሱ ነው። እንግዲህ ልጅዎ ሰው አገር ሄዳ ደም ገባች፣ ደም መላሽ ይፈልጋታል ሲባል ምን እንደሆኑ እኔ ልጅዎ አላጣውም። ኸሊል እንዳለው ስንቅዎን ቋጥረዋል፤ የታኅሣሥ ገብርኤልን አንግሠው በማግስቱ ሊነሡ ነው። «እኔ አርጅቻለሁ፤ በሷ ፈንታ እኔን ይውሰዱኝ» ማለትዎንም ነግሮኛል። ይህን ስሰማ የማበጥርበትን የሰሊጥ ወንፊት አስቀምጬ፣ ሰው ፊት መሆኔን ረስቼ አለቀስኩ።

እምዬ፣ ደም የለብኝም። ማንንም አልነካሁም፣ ማንም አልነካኝም። ያለሁበትን ሰፈር እንዴት እንደመረጥኩት ልንገርዎትና ከልብዎ ይረፉ።

ስነሣ «ሰፈርሽን ሳታዪ ጓዝሽን አታውርጂ» ብለውኝ አልነበር? እሱን ይዤ ሦስት ቀን ጓዜን እንደተሸከምኩ ዞርኩ። አሁን የምሠራበት መጋዘን ሰሊጥ የሚያበጥሩ ሴቶች ይፈልግ ነበር፤ እኔ ግን ከሥራው በፊት ማደሪያዬን አልኩ። መጀመሪያ የአገራችን ሰው ወደሚበዛበት ሄድኩ። አንዲት የደምቢያ ሴት ከእኔ ጋር እደሪ፣ ኪራይም አልጠይቅሽም አለችኝ። ቤቷ አረቄ ቤት ነው፤ የምትሰጠኝም መደብ ከጠጪዎቹ የሚለየው በመጋረጃ ነው። ኪራይ የማይጠየቅበት ቤት ሌላ ነገር ይጠየቅበታል ብዬ አመስግኛት ወጣሁ። ቀጥሎ የመጋዘኑ ዘበኛ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሴቶች የሚያድሩበት ክፍል አሳየኝ። ንጹሕ ነው፣ ለሥራም ደጃፍ ነው። ቁልፉስ ማን ጋ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ በሩን ከውጭ የሚቆልፈው እሱ እንደሆነና ቁልፉም ከኪሱ እንደማይወጣ ነገረኝ። እሱንም ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ከከተማው ዳር አዲስ የተሠሩ ቤቶች አገኘሁ። ጸጥ ያለ ነው፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። ልቤ ወደደውና የወሩን ልከፍል መቀነቴን ስፈታ፣ በአህያ ጋሪ ውኃ የሚሸጥ ሙሐመድጣሂር የሚባል ሽማግሌ አየኝ። ገላባት ስላደገ አማርኛ ያውቃል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ከመተማ ስለው ጋሪውን አቆመ።

«ልጄ፣ ሰፈር በዝምታው አይመረጥም» አለኝ። «ሴት ልጅ ድረሱልኝ ብላ ስትጮህ ስንት በር ይከፈታል? እሱን ቁጠሪ።»

ዞር ብዬ አየሁ። የተሰጣ ልብስ የለ፣ የሚጫወት ልጅ የለ፣ አንድም የሚከፈት በር አልቆጠርኩም። መቀነቴን መልሼ አሰርኩ። ከዚያ በኋላ ከጋሪው ኋላ ኋላ ስከተል ዋልኩ። ውኃ ሻጭ የማያውቀው ግቢ የለም፤ የትኛው ቤት ወንድ ብቻ እንዳለበት፣ የትኛዋ ሴት ለእንግዳ ፊቷ እንደሚፈታ ያውቃል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከረቢዓ ደጅ አደረሰኝ።

ረቢዓ ባሏ የሞተባት፣ የአራት ሴት ልጆች እናት ናት። በግቢዋ ያሉትን ሦስት ክፍሎች የምታከራየው ለሴት ብቻ ነው። የማታ ሶላት ሲደርስ እኛን እንደ ጫጩት ቆጥራ የግቢውን በር ትዘጋለች፤ የየክፍላችን መወርወሪያ ግን ከውስጥ በኩል ነው። ከሁሉ የወደድኩት የግንቡን ትንሽ በር ነው፤ ነፋጅ ይሏታል። ወደ ጎረቤት ግቢ ታሳልፋለች፤ የጎረቤቱም ግቢ እንዲሁ ወደሚቀጥለው። ሴቶቹ ጎዳና ሳይወጡ ከቤት ቤት ሲዞሩ ይውላሉ። ለአያ ፈንቴ ዴም ያልኩት እንግዲህ ይህን ነው።

የሽማግሌውን ምክር ሳላስበው ሞከርኩት። አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ምንጣፌን ሳነሣ ጣቴን የሚያህል ጊንጥ ወጣ። «ኧረ የሰው ያለህ» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ቋንቋዬን የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ረቢዓ በዘነዘና፣ ልጆቿ በነጠላ ጫማ፣ በነፋጇም በኩል ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሴቶች፣ አንዷ ሊጥ በእጇ እንደተለቀለቀ፣ ከተፍ አሉ። ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። ምስኪን ጊንጥ ለዘጠኝ ሴት አልበቃም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? እርስዎ ዘመድ ነዎትና አይቀየሙኝ።

የሃይማኖቴን ነገር እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ጾሜን እንደያዝኩ ነው። ረቢዓ መጀመሪያ ሥጋ አምጥታልኝ አልበላም ብላት አኩርፋ ነበር፤ እኔም ጾም የሚለውን በቋንቋዋ እስክማር አንድ ሳምንት ተኮራረፍን። ከገባት ወዲህ ግን ባቄላውን ለብቻ በሰሊጥ ዘይት ትሠራልኛለች፤ ልጆቿ ጭልፋ ካደባለቁ ትቆጣቸዋለች። እንዲያውም አንድ ቀን ረስቼ ወተት ላነሣ ስል እጄን መታችኝ። የነፍስ አባቴ እንኳ እንዲህ አልጠበቁኝም።

እንግዲህ እምዬ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አይነሡ። ቀበሌ ሄደውም የይለፍ ወረቀት አይጠይቁ፤ ልጅሽስ የት ናት የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ የዚህን ነገር ዝርዝር በወረቀት አላበዛውም። ሳይጠይቁ በእግር ልሻገር ቢሉም ያ ጉልበት ከወንዙ አያሻግርዎትም፤ ወታደርም አለ፣ ሽፍታም አለ። የሰሊጡ ሥራ ታኅሣሥ ሃያ አምስት ያልቃል። ከኸሊልና ከሚስቱ ጋር ተነሥቼ የገና ዋዜማ እቤቴ ነኝ። የመጣሁለት የስፌት መኪናም ተገዝቶ ረቢዓ አልጋ ሥር ተቀምጧል። እርስዎ በአንዱ መንገድ እኔ በሌላው ብንተላለፍ ምን ይበጀናል?

አያ ፈንቴን እንዳይቀየሙት። የሰማውን ነው የተናገረው፤ ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር የሚሉትን መርሳቱ ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ቆሎውም ጣፋጭ ነበር በሉልኝ። እቴ ባየሽን ከነልጆቿ ሳሙልኝ፤ ለክርስትናው አለመድረሴን አትያዝብኝ። የእናት ያህል ያሳደጉኝን እማማ ጸዳለን ጉልበታቸውን ስማለች በሉልኝ። እንግዳው፣ አንተን ደግሞ በሁለቱም ጉንጭህ፤ እናታችንን እስክመጣ ከዓይንህ አታርቃቸው፣ ስንቁንም ፍታው።

እምዬ፣ አንድ ቃል ልጨምርና ላብቃ። በእኔ ፈንታ ሊሞቱ መነሣትዎን ስሰማ ኮራሁም፣ ተቆጣሁም። አባቴ የሞተ ቀን ቤታችን ፈርሶ ነበር፤ መተማ ላይ እንደገና ቤት የሆነልን እርስዎ ስለተቀመጡበት ነው። ሦስት ቀን ጓዜን ተሸክሜ ደህና ሰፈር የፈለግሁት በሕይወት ወደዚያ ለመመለስ ነው። እርስዎ ከዚያ ከተነሡ እኔ የምመለስበት ሰፈር የለኝም። ይቀመጡልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ ጥሩአየሁ

ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1973 ዓ.ም.