የማን ነኝ?

ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ልጄ ረሺዳ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ከአባትሽም አይለይሽ። አያትሽ ደህና ናቸው። ገብሱ ታጭዷል፤ ላማችንም ወልዳለች።

መተማ ኬላ ላይ ዘበኛው «የማን ነሽ?» ሲልሽ፣ እንዳስተማርሁሽ «የኢድሪስ ሱዳኒ!» አልሽ። ከአባትሽ ጋር ወደ ሱዳን አሳለፈሽ። እኔን ግን በአዲሱ ደንብ ያለ ፓስፖርት አይቻልም ብሎ መለሰኝ። ፓስፖርት ልጠይቅ ብሄድ ጸሐፊው «የውጭ ሰው ያገባች የእኛ አይደለችም» አለኝ።

«ታዲያ የማን ነኝ?»

«የባልሽ!» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ወደ ባሌ አሳልፈኝ!» አልሁት። መዝገቡን ዘጋ።

ሦስት ጊዜ በራሴ እጅ ጽፌ አመለከትሁ፤ ሦስቱንም ሳይቀበሉ መለሱብኝ። አራተኛውንም እጽፋለሁ፤ መልሱን ግን አውቀዋለሁ።

በየሳምንቱ ኬላው ድረስ መጥተሽ እንደምትጠብቂኝ አባትሽ ጽፎልኛል። አላህ ያሳድግሽ፣ ልጄ። እባክሽ፣ ከእንግዲህ አትጠብቂኝ።

እናትሽ አዚዛ ጁሃር