ስለ ኩላሊት ክፍሉ ዓሦች ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በእርስዎ የቅርብ ክትትል ስለሞቱት አራት ዓሦች ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ከታች ያለው ሕመምም ሆነ የታማሚው ድምፅ እንደማይደርስዎ ስለማውቅ ስለ ጤንነትዎ ብዙም አልሰጋሁም፤ የሆነ ሆኖ ጤናው እንዲበዛልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በዚሁ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ካቀረቀርኩ በኋላ በጡረታ የተሰናበትኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ ነበር። ኩላሊቶቹ ከደከሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን ለአራት ሰዓታት ያህል ከእጥበት ማሽኑ ጋር ታስሮ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ የሚያየው ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ብቻ ነበርና፣ ቤት ውስጥ ያሳደጋቸውን ሰባት ዓሦች ከነመስታወት ገንዳቸው ለክፍሉ ሰጠ። ዲስከስ ይባላሉ፤ እንደ ሳህን ክብና ጠፍጣፋ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው፣ ሲዋኙም የማይቸኩሉ ናቸው። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ዓሦቹን ግን በየሁለት ቀኑ እየመጣሁ ስመግብና ውሃቸውን ስለውጥ ኖሬያለሁ። ታካሚዎቹም ስም አወጡላቸው። ሌሎቹ ሲጣሉ መሀል እየገባ የሚገላግለውን ትልቁን «ዳኛው» አሉት።

ለክቡርነትዎ የማቀርባቸው ምስጋናዎች የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ዳኛው ታመመ። ቀለሙ ጠቆረ፣ ምግብ እንቢ አለ፣ ክንፎቹን ሰብስቦ ጥግ ቆመ፤ ከሆዱም ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይወጣ ጀመር። ያረጀ እጅ ሙያውን አይረሳምና ከዚያው ክር ትንሽ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ባየው አንጀቱን የወረሩት ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስያን እንደ ገበያ ሰው ሲራወጡ አገኘኋቸው። የእንስሳት ሐኪሙም አይቶ አረጋገጠልኝና ዳኛው ለብቻው እንዲለይ፣ የውሃው ሙቀት ወደ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ከፍ እንዲል፣ ሜትሮኒዳዞል የሚባለውም መድኃኒት በልኩ ውሃው ውስጥ እንዲጨመር አዘዘ። ክቡርነትዎ ግን የሐኪሙን ወረቀት ከተመለከቱ በኋላ ዓሣው የታካሚ ካርድ እንደሌለው፣ ካርድ የሌለው ደግሞ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መታከም እንደማይችል በትሕትና ገለጹልኝ። ሕግ አክባሪነትዎን አደንቃለሁ። ዳኛው በዚያ ሳምንት መተንፈሱን ያለ ካርድ መቀጠሉ ግን ሳያስቀይምዎ አልቀረም።

፪ኛ. ደጋግሜ ባመለክት ጊዜ አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋሙልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከአምስቱ አንዳቸውም ዓሣ አሳድገው አያውቁም፤ ይህም ከአድልዎ ነጻ አድርጓቸዋል። ኮሚቴው በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ «የዓሣው መጥቆር ከመጋረጃው ቀለም ጋር ለመመሳሰል የተደረገ ሊሆን ይችላል» ሲል በማህተም አጸደቀ። መጋረጃው ነጭ ነው።

እኔም በበኩሌ ጥፋቴን ልናዘዝ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔ እጄን አጣጥፌ አልጠበቅሁም። ከክፍሉ ነርስ ጋር ተመካክረን ዳኛውን አንሶላ በሚቀመጥበት ጓዳ ውስጥ በትንሽ ገንዳ ለይተን፣ ማሞቂያ አስገብተን፣ መድኃኒቱን ሐኪሙ እንዳዘዘው ሰጠነው። የቀሩትን ስድስቱንም በምግባቸው ውስጥ አከምናቸው። በዘጠነኛው ቀን የዳኛው ግንባር እንደ ቀድሞው ሰማያዊ ሆነ። በአሥረኛው ቀን ከእጄ በላ። ይህ በተሰማ ጊዜ እጥበት ላይ ያሉት ሰዎች እንደ ዘመድ እንኳን ደስ አለሽ ብለውኛል። ነገሩን ያለ ፈቃድ በማድረጌ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ በመዳኑ ግን አልጸጸትም።

፫ኛ. ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

እንግዶች ሊጎበኙን ነው በተባለበት ዕለት፣ እኔ በሌለሁበት፣ ገንዳው በበረኪና ታጥቦ በቀጥታ ከቧንቧ በተቀዳ ውሃ እንዲሞላ፣ ዳኛውም ከጓዳ ወጥቶ «ቁጥሩ እንዲሟላ» ከሌሎቹ ጋር እንዲቀላቀል አዘዙ። ነርሷ እንዲህ ያለው ውሃ ዓሣ ይገድላል ብላ ብትለምንዎ ሰው የሚጠጣው ውሃ ዓሣን ምን ያደርገዋል ብለው እንደመለሱላት ነግራኛለች። ክቡርነትዎ የሚመሩት ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ክፍል አለው። በዚያ ክፍል ክሎሪኑ ያልወጣለት የቧንቧ ውሃ በማሽኑ ቢያልፍ የታካሚን ደም እንደሚያበላሽ ለጀማሪ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ይነገረዋል። ለእርስዎ የነገረዎት ባለመኖሩ አዝናለሁ።

እንግዶቹ አይተው፣ አድንቀው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይቃትቱ ጀመር። በክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ታካሚዎች ነበሩ፤ አሥራ አንዱም ክንዳቸው ላይ መርፌ ስላለ ሊነሡ አይችሉም። ተቀምጠው አዩ። መጨረሻ ወንበር ላይ ያሉት የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ የወንበር ጎረቤቱ ሆነው አብረውት ኩላሊታቸውን የታጠቡ ሽማግሌ፣ የደም ግፊታቸው በዚያው ቅጽበት ወርዶ ነበርና ነርሷ ወደ እርሳቸው ስትሮጥ፣ «ልጄ፣ እኔ እቆያለሁ፤ መጀመሪያ ለዳኛው ድረሺለት» አሏት። ነርሷ ግን ከእርሳቸው አልተለየችም፤ ሥራዋን ታውቃለች። የማሽኑ ቴክኒሺያን የታካሚዎቹን ጥሪ ሰምቶ ለእጥበት የተጣራውን ውሃ በባልዲ እያመላለሰ ገንዳው ላይ ሲገለብጥ ደረስኩ። ሦስቱን አተረፈ። አራቱ አልተረፉም። ዳኛው ገና ከሕመሙ በደንብ ስላላገገመ የሞተው ከሁሉም ቀድሞ ነው። ባለቤቴ በሞተ ጊዜ ያላለቀስኩትን እዚያ፣ እጄን እስከ ክርኔ ውሃ ውስጥ እንዳስገባሁ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

በማግስቱ «ዓሦቹ በእርጅና ምክንያት ሞተዋል» የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ። ዳኛው አራት ዓመቱ ነበር፤ ዲስከስ አሥር ዓመት ይኖራል።

፬ኛ. በቦታቸው በባትሪ የሚዋኙ የፕላስቲክ ዓሦች ስላስገቡ አመሰግናለሁ። ሹፌሩ ወንበራቸው ወደ መስኮቱ እንዲዞርላቸው ጠይቀዋል፤ ለዚህም ኮሚቴ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ የሚለው ተረት ስለ ዓሣ ብቻ የተነገረ መሆኑን አምናለሁ። የተረፉት ሦስቱ እኔ ቤት ናቸው፤ ይበላሉ፣ ቀለማቸውም ደህና ነው። ክቡርነትዎ ያሉበት ፎቅ እስካልተለወጠ ድረስ ወደ ክፍሉ አልመልሳቸውም።

በጤናዎ ላይ ጤና፣ በማህተምዎ ላይ ማህተም እንዲጨመርልዎ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ በታች ካለው ፎቅ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የሰዓት ሠሪው ባለቤት፣ የቀድሞ የላቦራቶሪ ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ የሆስፒታሉን የተጣራ ውሃ ስምንት ባልዲ «ለእንስሳት አባክኗል» በማለት ለቴክኒሺያኑ የጻፉለት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ክፍሉ ውስጥ ጮክ ተብሎ ተነብቧል። አሥራ አንዱም ታካሚዎች፣ መርፌ ባልገባበት እጃቸው፣ «ውሃውን የገለበጥኩት እኔ ነኝ» እያሉ እያንዳንዳቸው ፈርመው አባሪ አድርገዋል። አሥራ አንድ ማስጠንቀቂያ እንዲያዘጋጁ በትሕትና እጠይቃለሁ። እባክዎ ራስዎ ይዘው ይውረዱ፤ እነሱ ወደ እርስዎ መውጣት አይችሉም።