ያልቆረጠው ማጭድ

ኦልደርስዊክ፣ ሰፎክ
ነሐሴ 20 ቀን 1631

ውድ ጌታዬ ማስተር ጀርቬስ ሃርቦትል፣

ደብዳቤዎ ሰኞ ዕለት በጋሪ ነጂው እጅ ደረሰኝ። መጽሐፍዎ ለንደን ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ ስለ ቁስል ቅባት በሚናገረው ምዕራፍም የእኔና የልጄ የታቢታ ስም ሰፍሯል። «የማይታበል ምስክር» ብለውናል። ሰው ስሙ በመጽሐፍ ሲወጣለት ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ ጥርስ እንደተነቀለለት ሰው ጉንጬን ይዤ ተቀመጥሁ። ጥርስ ስነቅል ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በተነቃዩ ወገን ስቀመጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ስለዚህ ከሰላምታም በፊት አንድ ልመና አለኝ፤ አታሚውን ያስቁሙልኝ። ጊዜ ከሌለ ይህን ደብዳቤ ሳይጨርሱ ባርኔጣዎን ጭነው ይሂዱ፤ ቀሪውን መንገድ ላይ ያነቡታል። እየሄዱ ማንበብ እንደሆነ ልማድዎ ነው፤ በኦልደርስዊክ እርስዎ ያልወደቁበት ጉድጓድ የለም።

ደረሱ? እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ካምብሪጅን ትተው ወደ አባትዎ ርስት የተመለሱ ዓመት፣ መንደሩ ሊቅ መጣልን ብሎ ሲጠብቅ፣ እርስዎ እጅዎን እስከ ክንድዎ ድርቆሽ ክምር ውስጥ ከትተው ቆሙ። በማግስቱም እንዲሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ! እርጥብ ድርቆሽ ለምን እንደሚግል ሊያዩ ነው ተባለ። ጎረቤታችን እመት ፕሩደንስ አሳማዋን እየነዳች ስታልፍ ከንፈሯን መጠጠች።

«ምስኪን! ይህን ሁሉ ተምሮ ድርቆሽ የሚያስታምም!»

«እመት ፕሩደንስ፣ እርስዎ የሚግልበትን ምክንያት ያውቃሉ?» አሏት።

«እንዴት አላውቅም? ሰይጣን ይተኛበታል አሉ።»

«ይሄ ‘አሉ’ የሚባለው ሰውዬ ማነው? ቤቱ የት ነው? ሄጄ ልጠይቀው።»

«ኧረ ይተዉት ጌታዬ፤ እሱ ድሮ ሞቷል።»

«እንግዲያው ሞቶም ከኛ ከቋሚዎቹ ይበልጥ ይናገራል» አሉ እርስዎ፤ እጅዎንም ከድርቆሹ አላወጡም።

እኔም ያን ቀን ከሳቁት ጋር ስቄያለሁ። በኋላ ግን እየመጡ ከደጄ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ፣ ቢራ ስቀዳልዎትና ነገርዎን ስሰማ፣ ሳቄ ውስጡ ጠጠር ገባበት። «ባርናቢ» ይሉኝ ነበር፣ «የሰው አእምሮ ፍርዱን አስቀድሞ ጽፎ ምስክር የሚጠራ ዳኛ ነው። አንተም እንደዚያው ነህ። ያዳንኸውን ሰው ገበያ ላይ ታገኘዋለህ፣ ያመሰግንሃል። የሞተው ግን ተነሥቶ አይወቅስህም። ስለዚህ ባለ መድኃኒት ነኝ ትላለህ።» እኔም ይህን የመሰለ ስድብ በዚህ ትሕትና የሚሳደብ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና ቢራውን እጨምርልዎት ነበር።

ሦስት ወረቀት ሰጡኝ። በአገራችን ስለት ሰው ሲቆርጥ ሁለት ወገን ወጌሻ አለ፤ አንዱ ቁስሉን ይቀባል፣ አንዱ ቁስሉን በውሃ አጥቦ ይተወውና ቅባቱን የቆረጠውን ስለት ይቀባዋል። ስለቱ ሲታከም ቁስሉ ከሩቅ ይድናል ነው ነገሩ። እኔ ማንንም ማስቀየም የማልወድ ሰው ስለሆንሁ ከሁለቱም ወገን ነበርሁ፤ ስለቱ ከመጣ ስለቱን፣ ስለቱ ከጠፋ ቁስሉን። እርስዎም «ቁስሉን የቀባኸውን በዚህ፣ ስለቱን የቀባኸውን በዚያ ጻፍ፤ ማን ዳነ፣ ማን ሞተ፣ በስንት ቀን» አሉኝ። በዓመቱ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተን ስናይ፣ ስለታቸው የተቀባላቸው ብዙዎቹ ድነው ቁስላቸው የተቀባው ግማሾቹ መግል ይዘዋል። ፊትዎ ተለወጠ። በዚያ ተረት የሚስቁት እርስዎ ነበሩና!

«ሦስተኛው ወረቀት ለምን ባዶ ሆነ?» አሉኝ። እሱ ምንም ቅባት የትም ላልተቀባላቸው ነበር።

«ባዶ እጄን ልሂድ የሚል ቁስለኛ ስለሌለ ነው ጌታዬ።»

«የሌለው ቁስለኛው ነው ወይስ ወጌሻው?»

ቢራ ቀዳሁልዎት። ሁለት ሰው እያወቀው የማይነገር ነገር በመካከላችን ተቀምጦ ከእኛ ጋር ቢራ ጠጣ።

ከዚያ የገብስ አጨዳው መጣ። ታቢታዬ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከአጫጆቹ ኋላ ነዶ ታስር ነበር። የቅጥር አጫጁ ዲጎሪ ዘወር ሲል አላያትም፤ ማጭዱ ባቷን እስከ አጥንቱ ከፈተው። ተሸክመው አመጡልኝ። ቅባቴን ከፍቼ ቁስሉ ላይ ጎነበስሁ፤ ጌታዬ፣ እጄ እምቢ አለ። የራሴን ቅባት ፈራሁት! ምን ምን እንዳለበት የማውቅ እኔ ነኛ። (በመጽሐፍዎ «የድብ ስብና በሰው ራስ ቅል ላይ የበቀለ አረንጓዴ ሻጋታ» ብለው ጽፈው እንደሆነም ያርሙ። ስቡ የእመት ፕሩደንስ አሳማ ነው፤ አረንጓዴውን የፋቅሁት ከቤተ ክርስቲያኑ ከሰሜን ግድግዳ ነው። ሌላውን አይጠይቁኝ።) ያ ግማሹ መግል የያዘበት ወረቀት ፊቴ ላይ ተዘረጋ። «ማጭዱን አምጡልኝ!» ብዬ ጮኽሁ፤ ቁስሉን ፈልቶ በበረደ ውሃ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልሁት።

ማጭዱን አመጡ፤ ቀባሁት፤ በሱፍ ጠቅልዬ ከምድጃው ሳይርቅም ሳይቀርብም ሰቀልሁት። ስለቱ ከበረደው ቁስለኛው ይንቀጠቀጣል፣ ከሞቀው ያተኩሰዋል ይባላልና። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም በዓይንዎ አይተዋል፤ መንደሩ ሁሉ ማጭዱን ሊጠይቅ መጣ። ልጄ ጥግ ተኝታ «እኔ እዚህ ነኝ» ብትልም ሰሚ የለም። ሰው ሁሉ ገብቶ «ዛሬስ እንዴት አደረ?» እያለ ወደ ግድግዳው ያንጋጥጣል። እመት ፕሩደንስ የፖም ኬክ ጋግራ አመጣች፤ ደግነቱ ማጭድ ኬክ አይበላም፣ ታቢታ በላችው። እርስዎ በዘጠነኛው ቀን መጥተው ቁስሉ ሲገጥም አዩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዲጎሪ መጣ። ኮፍያውን እየጠመዘዘ ደጄ ላይ ቆመ።

«ጌታዬ ባርናቢ፣ አይቆጡኝ።»

«ምን አጠፋህ ደግሞ?»

«ያ የተሰቀለው ማጭድ የኔ አይደለም። የአማቼ ነው። በግርግሩ እጃቸው የገባውን ይዘው ሮጡ። እኔም አፌን ልከፍት ብዬ... አጨዳውስ በምን ይለቅ? በኔው ማጭድ የታችኛውን ማሳ ጨረስኩበት።»

«ልጄን በቆረጠው?»

«በእሱው። ስስለውም ከረምኩ። ማክሰኞ ዝናብ መታው፣ ረቡዕ ድንጋይ ላይ ሸርፌዋለሁ።»

በትምህርቱ መሠረት ልጄ ማክሰኞ ተንቀጥቅጣ፣ ረቡዕ መሞት ነበረባት። ወደ ውስጥ ገብቼ ጠየቅኋት።

«ታቢታ፣ ማክሰኞ ምን ተሰማሽ?»

«ጠገብኩ፤ ሁለት ኬክ ነው የበላሁት።»

እነሆ ጌታዬ፣ ሦስተኛው ወረቀት! ቁስሏም አልተቀባ፣ ስለቷም አልተቀባ፤ በውሃና በጨርቅ ብቻ ዳነች። እርስዎ ዓመት ሙሉ የለመኑኝ ምስክር ቤቴ ውስጥ እየበላ ተኝቷል። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ስለት መቀባት ከንቱ ከሆነ፣ ቁስል መቀባትም ከከንቱ የባሰ ከሆነ፣ ባርናቢ ትሬድጎልድ ምንድን ነው? ውሃ የሚያፈላ ሰው። ዲጎሪን «ለማንም እንዳትናገር» አልሁት፤ እሱም ማጭዱን እንዳይቀሙት ፈርቶ ነበርና በደስታ ዝም አለ።

በዚያው ሳምንት መጥተው ጠየቁኝ። «ባርናቢ፣ የቆረጣት ማጭድ ያ ራሱ ነው? እርግጠኛ ነህ?»

«እንዴታ!» አልሁዎት።

በዚያች በአንዲት ቃል ነው ያረድሁዎት። ብዕርዎን ቀለም ነክረው «ይህን ነገር አላምንበትም ነበር፤ አለማመኔ ግን ምስክር አይደለም። አባት በልጁ ቁስል አይዋሽም» ብለው ጻፉ። ከራስዎ ጋር ታግለው በክብር ተሸነፉ መስሎዎታል። ያሸነፈዎት እውነት አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ። ጌታዬ፣ ዘዴዎ ሁሉን ይመረምራል፤ ስለ ድርቆሽ ሰው አያምኑም፣ ስለ ወጌሻ ግን አመኑ። ድርቆሽ የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ ወጌሻ አለው። ለሚቀጥለው መጽሐፍዎ አራተኛ ወረቀት ያዘጋጁ፤ ምስክሩ እውነቱን ቢናገር ምን ይጎድልበት እንደነበር የሚጻፍበት።

ሰኞ ደብዳቤዎን ሳነብ ታቢታ ፊቴን አይታ ያዘችኝ። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከእሷ መደበቅ አይቻልም። ሁሉን ነገርኋት። መጀመሪያ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። «ሰው ሁሉ የዲጎሪን አማች ማጭድ ነዋ ያስታመመው!» ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«አባዬ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ቁስል ስትቀባ ኖረሃል።»

«ስለት የጠፋባቸውን ብቻ።»

«አምብሮስ ፊንችንም?»

አምብሮስን ያስታውሱታል፤ የቤት ጣሪያ የሚከድነው። እርስዎ ለንደን በሄዱ በዓመቱ ቢላዋው ጭኑን ቆርጦት ወንዝ ውስጥ ገባ። ስለቱ የለም፤ ሰውዬውም «ምንም ሳይቀባኝ ሊሰደኝ ነው» እንዳይል ቁስሉን ቀባሁት። አበጠ፣ ጠቆረ። ሚስቱ ማርጀሪ መጥታ ምን ይሻላል ስትለኝ «ቢላዋው ቢገኝ ኖሮ...» አልኋት። ሄደችና እስከ ጉልበቷ ውሃ ገብታ ቢላዋውን ፈለገች። አራት ቀን። ኅዳር ነበር። እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ አያት ነበር፤ ብታገኘውም እንደማይረባ አውቅ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። በወረቀትዎ ላይ አልጻፍሁትም።

«ማርጀሪ ታውቃለች?» አለች ታቢታ።

«አታውቅም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሷ ጋ፤ ከዚያ ለንደን።»

ትናንት ሄድሁ። ማርጀሪ ደጇ ላይ አተር ትፈለፍል ነበር። እንድቀመጥ አላለችኝም፣ እንድሄድም አላለችኝም፤ ቆሜ ተናገርሁ። እየፈለፈለች ሰማችኝ። ጎድጓዳው ሳህን ሞልቶ አተሩ መሬት ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ እሷ አላቆመችም።

«ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር» አለችኝ በመጨረሻ። ስመጣ ያዘጋጀሁትን የይቅርታ ንግግር ሁሉ ይዤው ተመለስሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሦስቱንም ወረቀቶች ልኬአለሁ። ታቢታን ከሁለተኛው ሰርዤ በሦስተኛው ላይ ብቻዋን አስቀምጫታለሁ፤ አምብሮስ ፊንችን በመጀመሪያው ላይ ጽፌአለሁ። እንደ እሱ ሳልጽፋቸው የቀሩ ሌሎች አራትም አሉ፤ ስማቸውን በወረቀቱ ጠርዝ ስላጣበብሁት ጽሑፉ አያምርም፣ ግን ይነበባል። ስሜንም በምዕራፉ ላይ እንዲተዉት እፈልጋለሁ፤ «ዋሽቶ የነበረ» የሚል ይጨመርበት። የለንደን ሊቃውንት ከሳቁ በእኔ ይሳቁ፤ ለምጄዋለሁ።

ዛሬ ጧት ጋሪ ሠሪው ጆስያስ መዳፉን በመሮ ቆርጦ መጣ። አጠብሁት፣ ጠቀለልሁት፣ «ሂድ» አልሁት።

«ቅባቱስ?»

«የለም።»

«መሮውንስ? ይዤው መጥቻለሁ እኮ፤ ይኸው በሱፍ ጠቅልዬ።»

«ወስደህ ሥራበት።»

«ለውሃ ለውሃማ እኔም ጉድጓድ አለኝ!» ብሎኝ ወጣ። ጨርቁን እየፈታ ማዶ መንደር ወዳለው ወጌሻ ሲሄድ በመስኮት አየሁት። ያ ሰውዬ ደግሞ የሚቀባው የላም እበት ነው።

ሐሙስ ማዶ እሻገራለሁ። በባላጋራዬ ደጅ ቆሜ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ የጆስያስን እጅ አሳዩኝ ብዬ እለምናለሁ። መግል ይዞ እንደሆነ እጽፍልዎታለሁ። በእበት ድኖ እንደሆነም፣ ድኗል ብዬ እጽፍልዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
ባርናቢ ትሬድጎልድ
የኦልደርስዊክ ወጌሻ፤ ከሰኞ ጀምሮ ያለ ቅባት