የአንሙት እጅ ሕመም ጀመረው

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለፍሥሐ፤ ገዳሪፍ።

እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህስ እንዴት ነው? የሱዳን ሙቀት አላከሳህም ወይ? አብረኸው የምትሠራው ሐኪም ቁስል ከማጠብ ትንሽ ያሳርፍሃል? እኛ ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ምሽጉ በወጣ ቁጥር ወደ ዋሻ ብንሮጥም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የአንተ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረን።

ስለ ባለቤቴ ስለ አንሙት ጠይቀኸኝ ነበር። ጥይት ከክርኑ በላይ የመታው ቁስል ድኗል፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፍም ቢነካው አይሰማውም። ወጌሻው አያ ወልደ ሚካኤል በጋለ ማጭድ ካልተተኮሰ አይነቃም ብለው ቀን ቆርጠው ነበር። አንሙትም ሞፈርም ጠመንጃም የማይጨብጥ እጅ ቢቃጠል ምን ይጎዳኛል ብሎ እሺ አለ። ልክ በዚያ ሰሞን እንዳታስተኩሱት የሚለው ደብዳቤህ በነጋዴ እጅ ደረሰኝ። ማጭዱን ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበርሁት።

አያ ወልደ ሚካኤል ተቆጥተው መጡ። እኔም ስለ ነርቭ የጻፍህልኝን እንደገባኝ ነገርኋቸው። ከአንጎል እስከ ጣት ወሬ የሚያደርሱ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ ክርና ክር ግን አይነካካም፣ በመካከሉ ጠባብ ክፍተት አለ። ወሬው ጫፍ ሲደርስ የወዲያኛው ክር ዓይን የማያያት ፈሳሽ ይረጫል፤ ማዶ ያለው ክር ያችን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያደርሳል አልኋቸው። አይተሽዋል ወይ አሉኝ። አላየሁም፤ ጠላት ሲመጣ በኡኡታ፣ ሲመለስ በእልልታ ከጉብታ ጉብታ የምንቀባበለው ሴቶችስ መቼ እንነካካለን አልኋቸው። የአንሙት አንዱ ክር ተጎድቷል፤ እንደ ዱባ ሐረግ ቀስ ብሎ ያድግ ይሆናል፤ እሳት ግን ጨርሶ ይገድለዋል ብል፣ ጢማቸውን አሻሽተው እስከ ጥምቀት እታገሣለሁ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማታ ጣቶቹን እያጠፍሁ እየዘረጋሁ፣ በቅቤ እያሸሁ ከረምሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠላት ይመጣል ተብሎ ሰዉ ከነከብቱ ዋሻ ገብቶ ሳለ፣ እኛ የማሸት ሰዓቱ እንዳያልፍ ብለን ቤት ቀርተን ክንዱን ሳሸው፣ ኧረ ቀስ በይ፣ ይወጋኛል ብሎ ጮኸብኝ! እኔ ምን አስቤ፤ እልልታዬን አቀለጥሁት። የማዶዋ ማንጠግቦሽ ጣሊያን የተመለሰ መስሏት ተቀበለችኝ፤ ከእሷም ሌላዋ፤ አገሩ በሙሉ ከዋሻ ወረደ። ጠላት በሌላ መንገድ ባያልፍ አስፈጅቻቸው ነበር። ማንጠግቦሽ እየሮጠች መጥታ፣ ምን ያለሽ ቀላል ነሽ፣ በባልሽ ክንድ ልታስጨርሽን ነው ብላ ስድቧን አወረደችብኝ። ነገሩን ብነግራት ግን ራሷ ቆነጠጠችው። ሲጮህላት እልል ልትል ስትል አፏን ያዝሁት።

ጣቶቹ ግን ገና አልነቁም። ሌሊት ሕመሙ ይቀሰቅሰዋል፤ እሱ ያቃስታል፣ እኔ ስእለቴን እጨምራለሁ።

እናታችን ወለተ ሐዋርያት ዓይንህን ሳላይ አልሞትም ትልሃለች። ልጄ ሥራነሽ ጉልበትህን ትስማለች። አንሙት ራሱ በግራ እጁም ቢሆን አቅፌዋለሁ በይልኝ ብሏል። አብረውህ ለተሰደዱት ሁሉ ሰላምታዬን ንገርልኝ።

ፍሥሐዬ፣ ሕመሙ ጣቱ ድረስ ይወርድ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቀህ እውነቱን ጻፍልኝ። የማይወርድ ቢሆንም ጻፍልኝ፤ ለአንሙት እንዴት እንደምነግረው እኔ አውቃለሁ።

እህትህ የብርጓል

ደብረ ኤልያስ፣ ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.