አጭር መልስ ጽፋ ስለወደቀች ተማሪ

ለተከበሩ የፈተና እርማት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ የመሥሪያ ቤትዎ ጣቶች እንደምን ሰነበቱ? የአገልግሎት ዘመንዎ ይርዘም፣ ወንበርዎም ይደላደል እያልኩ ይህን የምጽፍልዎ እኔ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሆስፒታሉ አዳራሽ ሠራተኞችን ለረዳት ነርስነት መግቢያ ፈተና የማዘጋጅ አስተማሪ ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ልዳፈርዎ ብዬ አይደለም፤ በፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ከሕዝቡ መካከል የሚያነብ ሰው አይጠፋም በሚል ተስፋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ሦስት ወር ሙሉ ያስተማርኩት የፈተና ትእዛዝ ቃላትን ነበር። «ጥቀሱ» ሲባል ስሙን ጠርቶ ማለፍ፣ «አብራሩ» ሲባል እንዴትና ለምን እንደሆነ መናገር፣ «አነጻጽሩ» ሲባል ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ማሳየት። ተማሪዎቼ የመጣው ትእዛዝ ይምጣ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይዘረግፉ ነበርና እልህ አስጨርሰውኛል። ቀድማ የገባት በቀዶ ሕክምና ክፍል አሥራ አንድ ዓመት በጽዳት የሠራችው፣ የክፍል ጓደኞቿ እታለም የሚሏት ተማሪዬ ናት። «ሐኪሙ ጓንት ሲል ጓንት ነው የሚሰጠው፤ ስለ ጓንት አይወራለትም» ብላ ለሌሎቹ ስታስረዳ የሦስት ወር ትምህርቴን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

፩ኛ. እታለም ከመቶ አርባ አንድ አግኝታ ወደቀች፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። «እጅ መታጠብ የሚያስፈልግባቸውን ሁለት ጊዜያት ጥቀሱ» ለሚለው ጥያቄ «በሽተኛ ከመንካት በፊት፤ ከነኩ በኋላ» ብላ መልሳለች። ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አጥሯል» ተብሎ ከአራት አንድ ተሰጥቷታል። አራሚዎ ስላልተጠየቀው ሦስተኛ ጊዜ ለማወቅ ያሳዩትን ጉጉት ሳላደንቅ አላልፍም።

፪ኛ. ከዚያው ክፍል፣ መጻፍ ከጀመረ ስለማያቆም ጎርፉ የምንለው የሆስፒታሉ የጥበቃ ሠራተኛ ዘጠና ሁለት አገኘ። ደስ ሊለው ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። ሁለት የማጽጃ ዘዴዎችን እንዲያነጻጽር በተጠየቀበት ቦታ፣ የሚያውቀው ሲያልቅበት የግቢውን ደንብ ጽፎበታል፤ ጠያቂ በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ መታወቂያ የረሳ ሰው ምን እንደሚደረግ፣ መኪና የት የት መቆም እንደማይችል። ከሥሩ «ግሩም ማብራሪያ» የሚል አስተያየት ሰፍሯል። በበኩሌ ከዚያ ወዲህ መኪና የት እንደማይቆም ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ለዚህም ባለውለታዎ ነኝ።

፫ኛ. ግራ ቢገባኝ የሌሎች ሆስፒታሎች ወረቀት ገና ወደሚታረምበት አዳራሽ መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አንድ አራሚ ግራ እጃቸውን ገጹ ላይ አጋድመው ጽሑፉን በጣት ሲለኩ አየሁ። አራት ጣት የሞላ አራት ነጥብ፣ ሁለት ጣት የሆነ ሁለት፣ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ደግሞ ለነፍስ ተብሎ አንድ። ሰውየው አልዋሹኝም፤ «መምህር፣ ዘጠኝ መቶ ወረቀት በአራት ቀን ጨርሱ ተብለናል፤ ማን አንብቦ ይዘልቀዋል?» አሉኝ። ቅንነታቸውን አክብሬላቸዋለሁ። የከነከነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጠገባቸው የተቀመጡት ባልደረባቸው ጣታቸው ቀጫጭን ነው። የእታለም ወረቀት ወደ እሳቸው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሦስት ነጥብ ታተርፍ ነበር።

፬ኛ. የቅሬታ ማቅረቢያ ቅጽዎ «ምክንያትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ» ይላል። እታለም «መልሴ ትክክል ሆኖ ሳለ ነጥብ አልተሰጠኝም» ብላ ሞላች። ቅጹ «በቂ ማብራሪያ አልቀረበም» የሚል ማኅተም አርፎበት ተመለሰ። እንዲህ ያለ ማኅተም አስቀድሞ ተቀርጾ መቀመጡ የመሥሪያ ቤትዎን አርቆ አሳቢነት ያሳያልና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። የሥልጠናው ምዝገባ የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ነው። የዕድሜው ገደብ አርባ ዓመት ነው፤ እታለም ዘንድሮ አርባ ሞልቷታል። ከዚህ በኋላ ሌላ ፈተና የላትም። አሥራ አንድ ዓመት ወለሉን በጠረገችበት ክፍል ውስጥ በሽተኛ መንከባከብ ትፈልጋለች፤ ትችላለችም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እንደ ድሮዋ የምታውቀውን ሁሉ ብትዘረግፍ ኖሮ ታልፍ እንደነበር ማወቄ ነው። የጣልኳት እኔ ነኝ፤ ያውም በማስተማሬ።

ስለዚህ ወረቀቷ ከዓርብ በፊት በዐይን እንዲታረም በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ዐይን ለዚህ ሥራ አዲስ መሣሪያ እንደመሆኑ አጠቃቀሙ ለሚያስቸግራቸው አራሚዎች ቅዳሜ ጠዋት ክፍሌ ክፍት መሆኑን አስታውቃለሁ።

ቀይ እስክሪብቶዎ እንዳይነጥፍ፣ ማኅተምዎም እንዳይደበዝዝ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ጥያቄውን በደንብ አንብቡ እያለ ተማሪዎቹን ያሳሳተው የቅዳሜው አስተማሪ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከማውጣቴ በፊት ፈቃዷን ለመጠየቅ ለእታለም አነበብኩላት። ሥራ ላይ ስለነበረች መወልወያዋን ተደግፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ «መምህር፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው? ‹ወረቀቷን አንብቡላት› ብለው ቢጽፉላቸውስ?» አለችኝ። ይበቃቸዋል ብላ እኮ ነው።