አጥር ሥር የጮኸው ዶሮ

እሑድ፣ ግንቦት 3

ሳቁ ገና አልለቀቀኝም።

አባዬ እኔ ስለ አንድ ቤተሰብ የምሠራውን ካርቱን የፋሲካ ክፍል ካየ ወዲህ ሳምንት ሙሉ አኩርፎኝ ሰነበተ። በካርቱኑ ሁዳዴን እንደ መነኩሴ የጾመው አባት የመጨረሻዋን ሌሊት መታገሥ ያቅተዋል። ቤተሰቡ ነጋ ብሎ ጾሙን እንዲፈታ፣ አጥር ሥር ተደብቆ እንደ ዶሮ ይጮኻል።

"በጾም ይቀለዳል? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ?" ብሎ ዛሬ የንስሐ አባታችንን አባ ሞገስን ከወለቃ ድረስ አስጠራብኝ። እሳቸው "አጥፊው" ካሉኝ ላጠፋው ለእማዬ ቃል ገብቻለሁ። ስንት ወር የሣልሁት!

አባ ሞገስ ስልኬን ተቀብለው ፊታቸውን ሳይፈቱ ያዩ ጀመር። የካርቱኑ አባት አንገቱን አስግጎ "ኩኩሉ!" ሲል ግን በሳቅ ፈነዱ። እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ወደ አባዬ ዞሩና፣

"ምነው ታደለ፣ ያንን ነገር ለልጅህም ነገርሃት እንዴ?" አሉት።

ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምን ዋጋ አለው፣ አምልጧቸዋል።

እኔ እኮ ከራሴ ነው የፈጠርሁት! እግዜር ያውቃል።

አባዬ "ላሟን ልያት" ብሎ ብድግ አለ። ላሟን ከሸጥናት ዓመት አልፏል። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍ አለችው።

"እኔስ ስንት ፋሲካ ሙሉ ስገረም ኖርሁ! የእኛ ዶሮ ድስት ውስጥ እየተንተከተከ፣ ጓሮ የሚጮኸው የማን ነው እያልሁ!"